ቅዳሜም ሐሙስም

የኔ ልጅ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ።

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "እስቲ ላስብበት" ብዬሽ ነበር። አሰብኩበት። በስልክ የማይወጣኝ ነገር ስላለ ግን ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

በትክክል ሰምቼሽ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ማገልገል ጀምረሻል። ሐሙስ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንጌል የሚመሰክረው ቡድናችሁ የሚጸልይበትና የሚዘጋጅበት ቀን ነው። መሪዎችሽ "አንዱን ምረጪ" አሉሽ። አንደኛው ጭራሽ "እሱ ፖለቲካ ነው፤ እኛ የተጠራነው ነፍስ ለማዳን ነው" አለሽ። አንቺም "እማዬ፣ እውነት ከወንጌል እየራቅሁ ነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አልራቅሽም። ይህን በእርግጠኝነት የምልሽ ለማንም፣ ለአባትሽ እንኳን፣ ያልነገርኩት አንድ ነገር ስላለ ነው።

1991 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለት እየሆንን ጉለሌ አካባቢ ቤት ለቤት እንመሰክር ነበር። ቦርሳችን ውስጥ ትራክት፣ ማለትም የምናድለው አጭር የወንጌል ጽሑፍ፣ እጃችን ላይ ደብተር። ጌታን የተቀበሉትን ሰዎች ስም እዚያ እንጽፋለን። እሁድ ቁጥሩ ሲነገር ጉባኤው እልል ይላል። አንድ ቅዳሜ አንድ ግቢ በር ላይ ጀሪካን የያዘች ልጅ አገኘን። አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የቤት ሠራተኛ ናት። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ ሰማችን። እንባዋ ወረደ። እዚያው ቆመን ጸለይን፣ ጌታን ተቀበለች። ስሟን ጻፍኩ። ደስታዬን አልረሳውም፤ ዛሬም ቢሆን ያ ደስታ እውነተኛ ነበር እላለሁ።

በሳምንቱ ልንጠይቃት ሄድን። ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እትዬ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ናቸው አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። አሠሪዋን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ቤታቸው ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ፕሮግራም አለ። "ስድስት ወር ደመወዜን አልሰጡኝም። አገርሽ ስትገቢ በአንድ ላይ እሰጥሻለሁ ይሉኛል። እናቴ ታማብኛለች፤ ትንሽ ልልክላት ፈልጌ ነበር" አለች።

ምን አልኳት መሰለሽ? "እንጸልይበታለን።" ጸለይንም። አሜን ብለን ወጣን።

በሦስተኛው ሳምንት የለችም። ሴትየዋ በር ላይ ቆመው "ጠፋች" አሉን። የት እንደሄደች፣ ገንዘቧን ይዛ ይሁን ባዶ እጇን፣ አልጠየቅሁም። ለሽማግሌዎችም አልተናገርኩም። ትልቅ ሴት ናቸው፣ እኔ ደግሞ የመዘምራን ልጅ ነኝ። በዚያ ላይ "የቤት ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሥራ ወንጌል ነው" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መሪሽ ያለሽን ቃል ስትነግሪኝ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው።

ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ጌታ ጆሮ ይደርሳል ይላል። ያን ክፍል ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የዚያች ልጅ ስድስት ወር እየጮኸ እኔ ትራክት አድል ነበር። እሷ ከእኔ አፍ የሰማችውን ኢየሱስና በእመቤቷ ቤት ያየችውን ኢየሱስ እንዴት አስታርቃ ትኖር? ሲመሽ የሚያስጨንቀኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ይህ አዲስ ጥያቄ እንዳይመስልሽ። የእኛው ቤተ ክርስቲያን፣ መካነ ኢየሱስ፣ ገና በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በዚሁ ጉዳይ ደብዳቤ ጽፋለች። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ያኔ የቤተ ክርስቲያኗ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። የውጭ ለጋሾች ያኔ ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለልማት በቀላሉ ይሰጡ ነበር፤ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት አለቻቸው። ሥጋውን እየመገባችሁ ነፍሱን አትተዉ፤ ሰው አንድ ነው። ዛሬ ሁለንተናዊ አገልግሎት የምንለው ነገር እዚህ አገር ከዚያ ደብዳቤ ብዙ ወስዷል። ከሁለት ዓመት በኋላ የብዙ አገር ወንጌላውያን ሎዛን፣ ስዊዘርላንድ ተሰብስበው ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ። ማኅበራዊ ሥራ ወንጌል መስበክ አይደለም፣ የፖለቲካ ነጻነትም ድኅነት አይደለም፤ ወንጌል መስበክም፣ በማኅበራዊና በፖለቲካ ጉዳይ መሳተፍም ግን ሁለቱም የክርስቲያን ግዴታ ናቸው አሉ።

ልብ በይ፣ ደብዳቤው የተጻፈው ልማትን ይዘው ወንጌሉን ለተዉት ነው። መሪዎችሽ የሚፈሩት ነገር ባዶ አይደለም። በልጅነታቸው ከእኔ ጋር የመሰከሩ፣ በኋላ የልማት ድርጅት ውስጥ የገቡ ጓደኞች አሉኝ። ጥሩ ሥራ ይሠራሉ፣ አከብራቸዋለሁ። የኢየሱስን ስም ግን ለመጥራት የሚያፍሩ ሆኑ። አንቺ እንዲህ ስትሆኚ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ቅዳሜን አትተዪ።

ቄስ ጉዲና ወንጌል መስበካቸውንም፣ ለቤተ ክርስቲያን ነጻነት መቆማቸውንም አልተዉም። በደርግ ዘመን ታስረው ተፈቱ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ሲወጡ ተወሰዱ። የተገደሉ መሆናቸው የተረጋገጠው አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. ሲገኝ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ታስረዋል። እንደኔ እንደኔ እኚህን ሰው "ፖለቲከኛ" ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው።

አሁን ስለ ፖለቲካው። እኔ የምፈራው ፖለቲካ አለ። ባለፉት ዓመታት ጦርነት አገልጋዮች መድረክ ላይ ቆመው ወገን ሲለዩ ሰምቻለሁ። እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ሁለት ረድፍ ወደኋላ ወንድሟ በሌላኛው በኩል ያለ እህት ተቀምጣ ነበር። አጎንብሳ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ለባለሥልጣን ትንቢት የሚያዘንብ ሰው፣ ብሔሩን ከመስቀሉ የሚያስቀድም ሰው፣ ከእሱ ራቂ። ደመወዟን የተቀማች ልጅ ማመልከቻ መጻፍ ግን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የማን ፓርቲ ነው እሱ?

አንቺ የሕግ ተማሪ ነሽ፣ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እንኳ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ከራሱ ውጪ አድርጎታል። እስከዚያው ያሉት የፍትሐ ብሔሩ ጥቂት አንቀጾች ናቸው፤ እነሱም የ1952 ዓ.ም. ናቸው። ይህን ለማስተካከል ክርስቲያን ሆኖ መናገር፣ መጻፍ፣ የሚመለከተውን አካል መጠየቅ ፖለቲካ ከተባለ ይባል። በ2012 ዓ.ም. ቤሩት ላይ አሠሪዎች እህቶቻችንን ቆንስላ በር ላይ ሲጥሏቸው ጾመን ጸልየናል፣ አልቅሰናል። ደግ አደረግን። ከጸሎቱ ስንመለስ በር የከፈተችልን ልጅ የስንት ወር ደመወዝ እንዳለባት የጠየቀ ግን አልነበረም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥሽ። ማዕከሉ ጠረጴዛ ላይ የተቸገረ ሰው ፊትሽ ሲቀመጥ "መጀመሪያ ወንጌል ስሚኝ" አትበዪ። በምንም መንገድ። ጉዳይዋ የሚያዝላት እሺ ስላለችሽ እንዳይመስላት። ሙስሊም ትሁን ኦርቶዶክስ፣ ፋይሏን በእኩል ትጋት ያዢ። "ለምን እንዲህ ትለፊልኛለሽ?" ብላ ከጠየቀችሽ ግን ሳታፍሪ ንገሪያት።

ለመሪዎችሽም አትኩረፊ። ዝግጅቱን ረቡዕ ማታ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በአክብሮት ጠይቂያቸው። አንድ ሐሙስም አብረውሽ እንዲመጡ ጋብዣቸው፤ ወረፋ የያዙትን ሰዎች በዓይናቸው ይዩ።

እኔም አንድ ነገር ጀምሬአለሁ። የሴቶች ኅብረታችን በሚቀጥለው ወር ሲሰበሰብ የቤት ሠራተኞቻችንን ጉዳይ ላነሳ ነው፤ ሰብሳቢዋን አስፈቅጃለሁ። የጉለሌዋን ልጅ ታሪክም እናገራለሁ፤ የሴትየዋን ስም ሳልጠራ፣ የራሴን ዝምታ ግን ሳልደብቅ። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ገጽ የቅጥር ውል ነው። በቀላል አማርኛ ይሁን፣ ማንበብ የማትችል ልጅ ሲነበብላት የሚገባት። ደመወዝ በየወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል፣ የዕረፍት ቀን፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ የማታ ትምህርት ሰዓት። እሁድ ቤተ እምነቷ መሄድ እንደምትችልም ጨምሪበት፣ የትም ይሁን የትም።

እስከ ወር መጨረሻ ላኪልኝ። ኮፒውን እኔ አስደርጋለሁ፤ መጀመሪያ የምፈርመውም እኔ ነኝ።

ሽሮና በርበሬ በአክስትሽ በኩል ልኬልሻለሁ። ቁርስ አትዝለዪ።

የምትወድሽ እናትሽ