ከዕድር በፊት ቡና

ለአዘጋጁ፤

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመት ቢከርም አይገርምም፤ በሩ ዝግ ነው፣ ሰላምታውም ደረጃ ላይ ያበቃል። በገባችሁበት ሳምንት እሑድ ከሰዓት ግራና ቀኙን በር አንኳኩታችሁ ቡና ጥሩ። ሦስት አራት ሰው ይበቃል፤ ከአቦል እስከ በረካ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ቀጥሎ ዕድር። መተዳደሪያ ደንቡን ሳታነቡ አትፈርሙ። የመግቢያው ገንዘብ ከወርሃዊው መዋጮ የሚበዛው ነባሮቹ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ቀድመው ስለገዙ ነው፤ ከከበዳችሁ ከፋፍላችሁ ለመክፈል መጠየቅ ነውር የለውም። ተከራይ ይቀበል እንደሆነ፣ ሰፈር ስትለቁም አባልነቱ ይቀጥል እንደሆነ አጣሩ። ብዙ አዲስ ገቢ የሚሳሳተው መዋጮውን በሰው እየላከ ከለቅሶ ሲቀር ነው። ቅጣቱ ትንሽ ነው፤ ሰው የሚተዋወቀው ግን ድንኳን ሲተከል፣ ወንበር ሲደረደር ነው። በዝምታ ወንበር የሚያቀብል ሰው ከተናጋሪው ቀድሞ ይለመዳል።

ዕቁብ ይቆያችሁ። ዋስ ይጠይቃል፤ ዋስ የሚሆን ሰው ደግሞ ከወዳጅነት በኋላ ነው የሚገኘው። ከገባችሁም መጀመሪያ ካልደረሰኝ አትበሉ።

የሰፈር ዕድር ጸሐፊዎች፣ አዲስ አበባ