ደብዳቤ ከአሮጌው ቦይ ዳር

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሁለት ዓመት ጠፋሁብሽ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የግቢያችሁን ፎቶ ላክሽልኝ። ከበሩ ደፍ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። አፌን ፈትቼ ያደግኩበት ቤት አፈር ሆኖ ሳየው ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ጠፋኝ። ነገ እጽፍላታለሁ ስል ሳምንት ሆነ፣ ወርም ሆነ። ይሄኔ ደግሞ እኛ ቤት ገዛን። አንቺ ቤትሽን ባጣሽ ማግስት «ቤት ገዛሁ» ብሎ መጻፍ አሳፈረኝ። ዝም ማለቴ የባሰ እንደሚጎዳሽ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ይቅር በዪኝ።

አሁን ግን ሁሉንም ልንገርሽ።

ቤቱ እዚህ ኔዘርላንድ፣ ዩትሬክት መሀል ከተማ ነው፤ ኦውደግራክት የሚባለው ቦይ ዳር። አሮጌው ቦይ ማለት ነው። የአምስተርዳምን ቦዮች በፎቶ አይተሻል፤ ይሄ ይለያል። ውሃው ከመንገዱ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። የድሮ ነጋዴዎች ከቤታቸው ሥር ጀምረው፣ በመንገዱ ሆድ ውስጥ አልፈው፣ እስከ ውሃው ዳር ድረስ ምድር ቤት ሠሩ። ዕቃው ከጀልባ ወርዶ በቀጥታ ወደ መጋዘን ይገባል። ቦዩ የተቆፈረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከላሊበላ ዘመን ብዙም አይርቅም። የእኛም ቤት እንዲህ ያለ ምድር ቤት አለው። ጣሪያው በጡብ የተሠራ ቅስት ነው። እዚያ ስትቆሚ ሰው ብስክሌቱን እየነዳ ከራስሽ በላይ ያልፋል። እኔ በዚህ ነው የተሸነፍኩት።

አገዛዙ አድካሚ ነው። ዋጋ የሚሰጠው በድብቅ ነው። ሌላው ስንት እንዳለ ሳታውቂ አንድ ቁጥር ትጽፊያለሽ፤ ብዙ ጊዜ ከተጠየቀውም በላይ። ሁለት ቤት እንዲህ አመለጠን። ይሄኛው ሦስተኛችን ነው። ከተፈራረሙ በኋላ ሕጉ ለገዢ ሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣል። ሦስቱንም ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከዚያ ውል የሚያጸድቀው ኖታሪ ፊት ቁጭ ብለሽ ውሉ ይነበብልሻል፣ 2 በመቶ የስም ማዛወሪያ ግብር ትከፍያለሽ። ከ35 ዓመት በታች የሆነ ሰው ቤቱ ከተወሰነ ዋጋ ካላለፈ ከዚህ ግብር ነፃ ነው፤ እኛን ዕድሜያችን አለፈን። የከፈልነውን ስትመጪ በአፌ እነግርሻለሁ፤ ወረቀት ላይ ማስፈር ይከብደኛል።

የሸጡልን አንዲት አሮጊት ናቸው። «ከመፈረማችሁ በፊት አርብ ሌሊት መጥታችሁ ደጁ ላይ ቁሙ» አሉን። ሄድን። ታች ውሃው ዳር ያሉት ካፌዎች ጢም ብለዋል። ተማሪው ይዘፍናል፣ ብርጭቆ ይንኳኳል፣ ጀልባ ላይ ያሉት ሰዎች ድልድይ ላይ ላሉት ይጮሃሉ። ባለቤቴ «እዚህ መተኛት ይቻላል?» አለኝ። እኔ ግን ፒያሳ ታወሰኝ። ጫጫታው ቤት ያለሁ ያህል አስመሰለኝ።

እሑድ ደግሞ ተመለስን። እዚህ ዶም የሚባል 112 ሜትር የሚረዝም የቤተ ክርስቲያን ግንብ አለ። ትልቁ ደወሉ በ1505 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ከ8 ቶን በላይ ይመዝናል፤ አሁንም በጎ ፈቃደኞች ናቸው በእጃቸው የሚደውሉት። ያ ደወል ሲመታ ደረቴ ድረስ ገባ። የጊዮርጊስ ደወል ሲሰማ እማማ ማማሰያቸውን አስቀምጠው ሲያማትቡ ታየኝ። ውሳኔዬ ያን ሰዓት አለቀ።

ችግር የለውም አልልሽም። ምድር ቤቱ እርጥበት አለው፤ ዝናብ ሲበዛ ከመንገዱ ሥር ያንጠባጥባል። መንገዱ ራሱ በእነዚህ ቅስቶች ላይ ስለተኛ ከባድ መኪና አይፈቀድም። ለካፌዎቹ ቢራ የሚያመጣላቸው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ጀልባ ነው። ክረምቱም ብርድ ነው፤ መስኮቶቹ ነጠላ መስታወት ናቸው። ቤቱ በአገር ደረጃ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መስኮት መቀየር አይቻልም። እንዲህ የተመዘገቡ ቅርሶች በአገሩ ከ60,000 በላይ ናቸው። መስታወቱን ልቀይር ብዬ ስጠይቅ የድሮው እንጨት እንዳይነካ፣ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት እንድጨምር መከሩኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ማታ ግን ሳስበው፣ ለአንድ መስኮት እንጨት ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው አለ ማለት ነው። የእናንተ በረንዳ የእንጨት ጌጥ ትዝ አለኝና ብቻዬን አለቀስኩ።

አሮጊቷ ቁልፉን ሲሰጡን አንድ ወፍራም ፋይልም ሰጡን። ጣሪያው መቼ እንደታደሰ፣ የትኛው ግድግዳ በስንት ዓመቱ እንደተለሰነ፣ የአናጢው ደረሰኝ ሳይቀር አለ። እኛም የመስታወቱን ደረሰኝ ጨመርንበት።

ሌላ ልንገርሽ። እዚሁ ቦይ ዳር በመንገዱ ድንጋይ ላይ ግጥም ይቀረጻል። በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ፊደል ብቻ። አንዱ ገጣሚ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል። እኔ ዝም ባልኩበት ሁለት ዓመት ከ100 በላይ ፊደል ገብቷል። ባለፈው ቅዳሜ የጠራቢውን መዶሻ ስሰማ ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩልሽ።

ቪዛውን እኔ እጨርሳለሁ፣ አንቺ ብቻ እሺ በዪ። ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው። «ቤት ለእንቦሳ» በዪኝና «እንቦሳ እሰሩ» ልበልሽ። ቡናውን ምድር ቤት፣ በሩን ወደ ውሃው ከፍቼ አፈላለሁ። ከግቢያችሁ የተረፈ ፎቶ ካለ ይዘሽልኝ ነይ። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሻንጣሽን አነስ አድርጊው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ