የመጀመሪያው አሰልጣኝ ስም የት ገባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

አንድ አትሌት ወርቅ ሲያጠልቅ በዘገባዎቻችሁ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ይነሳል፣ ክለቡ ይነሳል፣ መኪና የሸለመው ድርጅት ሳይቀር ይነሳል። ልጁን ከክፍል ጓደኞቹ መሀል ለይቶ «ነገ ማለዳ ሜዳ ላይ እፈልግሃለሁ» ያለው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ግን አይነሳም። ይህ ልማድ እንዲቀር ነው የምጽፈው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ነው። የሐረር ተወላጅ ናቸው። በአርሲዋ በቆጂ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆነው ልጆችን ሩጫ ማሰልጠን ጀመሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ዓለም ስማቸውን ከማወቁ በፊት በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ ፋጡማ የአትላንታን ማራቶን ወሰደች። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራት ወርቆች በሙሉ የቀነኒሳና የጥሩነሽ ነበሩ፤ ሁለቱም በ5 ሺህም በ10 ሺህም አሸነፉ። የአገር ወርቅ ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ከተማ! እስቲ ይህን የሚያህል የትምህርት ቤት አሰልጣኝ ታሪክ ከየት ይገኛል?

«የከፍታው ነገር ነው» የሚሉ አሉ። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ እውነት ነው። ደብረ ብርሃንና ደባርቅም ግን ከዚያ አያንሱም፤ ነገሩ በከፍታ ብቻ ቢሆን እነሱም እኩል ስም ባወጡ ነበር። ከፍታ ልጅን በዚያ ብርድ ከመኝታው ቀስቅሶ በባሕር ዛፉ መሀል አያስሮጥም። «ከብቱን ማን ይጠብቅልኛል?» የሚል አባትንም አያግባባም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በመምህር ደመወዝ የሚኖር ሰው ነው።

እኔም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእግር ኳስ ቡድን ለረጅም ዘመን አሰልጥኛለሁ። የነበረን ማሊያ አንድ ዙር ብቻ ስለሆነ ከጨዋታ በኋላ ልጆቹ በተራ ያጥቡት ነበር። ኳሱ ሲተነፍስ ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ይሄዳል። በረኛችን ከሰዓት በኋላ እናቱን ጉልት ላይ ያግዝ ነበርና ልምምዱን ወደ ንጋት አዞርነው፤ እናቱም በጨዋታ ቀን እንዲለቁት ለመለመን እጉልታቸው ድረስ ሄጄ ሽንኩርት ሲመድቡ አጠገባቸው ተቀምጬ አውርቻለሁ። ልጁን በኋላ አንድ ክለብ ወሰደው። የልደት ማስረጃና የቀበሌ መታወቂያ ጠየቁት፤ ማን እንዳሰለጠነው የጠየቀ ግን አልነበረም። ያኔ ቅር ብሎኛል፤ ዛሬም ቅር ይለኛል።

በእግር ኳሱ ዓለም ለዚህ ነገር ቢያንስ ግማሽ መላ ተበጅቷል። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ልጁ በየዓመቱ የት እንደተመዘገበ የሚያሳይ የተጫዋች ፓስፖርትም አለ። ይህ ደንብ የተሠራው ለክለብ ነው፤ መምህሩ ጋ አይደርስም። በሩጫው ደግሞ እንዲህ ያለ ድርሻ ጭራሽ የለም። አትሌቱ አድጎ ሚሊዮን ቢያገኝ ያ ትምህርት ቤት አንድ የሩጫ ጫማ እንኳ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ፌዴሬሽኖቹን የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ነው። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ በቅጹ ላይ ያስጀመረው አሰልጣኝና የተማረበት ትምህርት ቤት ይጻፍ። ያ ልጅ ለሽልማት ሲበቃ መምህሩም አብረው ይጠሩ፣ ለትምህርት ቤቱም ኳስና የመሮጫ ጫማ ይላክ። ገንዘቡ ስንት ይሁን፣ ከየት ይምጣ የሚለው በኋላ ይታያል። ስሙ ካልተመዘገበ ግን ነገ ልሸልም የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ ማንን ይሸልማል?

እናንተ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አትጠብቁ። ከአትሌትም ሆነ ከተጫዋች ጋር ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ «መጀመሪያ ያሰለጠነህ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ሳትቆርጡ አትሙት። በየሳምንቱ ለአንድ መምህር የሚሆን ትንሽ ዓምድ ክፈቱ፤ አንባቢዎች የአሰልጣኛቸውን ስም፣ ትምህርት ቤቱንና ዘመኑን ይላኩ። እኔም አብረውኝ የሠሩትን ባልደረቦቼን ታሪክ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ ፈቃዳቸውን አግኝቼ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ከአዳማ