ለኤምቲኤም ድመትም ቦታ ይሰጣት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ድሮ የቴሌቪዥን ድራማዎች ስትጽፉ፣ መጨረሻ ላይ ብልጭ ብለው ስለሚጠፉት የኩባንያ ምልክቶችም አንድ ሁለት መስመር ጣል ብታደርጉ ደስ ይለኛል። የእኔ አንደኛ የአሜሪካው ድራማ ሠሪ ኩባንያ የኤምቲኤም ኢንተርፕራይዝስ ድመት ናት።

ኩባንያውን በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ተዋናይት ሜሪ ታይለር ሙርና የያኔው ባለቤቷ ግራንት ቲንከር ናቸው። ምልክቱ በፊልም ኩባንያው በኤምጂኤም አንበሳ ላይ የተቀለደ ነው። እዚያ አንበሳው ያገሳል፤ እዚህ ሚምሲ የምትባል ሚጢጢ ድመት «ሚያው» ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

የሚገርመው ለየድራማው መልበሷ ነው። ለ«ሂል ስትሪት ብሉዝ» የፖሊስ ቆብ ታደርጋለች። ለ«ሬሚንግተን ስቲል» የመርማሪ ባርኔጣና ፒፓ። ሆስፒታል ውስጥ ለሚካሄደው «ሴንት ኤልስዌር» ደግሞ የቀዶ ሕክምና ጭንብል። የዚህ ድራማ የመጨረሻ ክፍል በ1988 ሲተላለፍ ግን ድመቷ የሕክምና መሣሪያ ተገጥሞላት ተኝታለች። የተዋናዮቹና የሠራተኞቹ ስሞች ወርደው ሲያልቁ የልብ ምቷ መስመር ቀጥ ይላል። ጭካኔ ያለበት ቀልድ ነው፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ኩባንያውም በዚያው ዓመት ለእንግሊዙ የቴሌቪዥን ኩባንያ ቲቪኤስ ተሸጠ። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፎክስ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

አሁን የፊልም መተግበሪያዎች ስም መውረድ ሲጀምር ዘለው ወደ ሚቀጥለው ክፍል ይሄዳሉ። ይኼ ነገር ያናድደኛል። እባካችሁ፣ ይህን መዝለል እንዴት ማጥፋት እንደሚቻል ለአንባቢ ጻፉልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ