ጉዳዩ፦ ስለ እንቁራሪቷ ምግብ (ለሦስተኛ ጊዜ)

ለተከበራችሁ የሁለተኛ ክፍል ወላጆች፣

የወላጆች ስብሰባ ወደ ዓርብ ከሰዓት ተዛውሯል። አሁን ወደ ሎሚ ልግባ።

እንደምታውቁት ሎሚ ቅዳሜና እሁድ በየተራ ቤታችሁ የምታድረው የክፍሉ እንቁራሪት ናት። ሰኞ ጠዋት ስትመለስ ውሃዋ ነጭ ሆኗል። መምህሯ በማንኪያ ለቅማ ያወጣችው የራሰ ዳቦ፣ ግማሽ ብስኩትና የካሮት ቁራጭ ነው። የማን ተራ እንደነበር አልናገርም።

"ልጄ ርቧታል ብሎ አለቀሰብኝ" የምትሉ ትኖራላችሁ። አልራባትም። ያደገች እንቁራሪት በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብትበላ ይበቃታል። አፏን በከፈተች ቁጥር አትሸወዱ፤ ፊቷ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ለመዋጥ ትሞክራለች፣ ጣትም ቢሆን። እንዲህ ከቀጠልን ደግሞ ከመጠን በላይ ትወፍራለች። ስትውጥ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ስምጥ የሚሉት ምግቡን ወደ ታች ለመግፋት ነው። "አሟታል" ብላችሁ እኩለ ሌሊት ላይ ባትደውሉልኝ ደስ ይለኛል።

"ካሮት ለጤና ጥሩ አይደለም እንዴ?" ለልጃችሁ ጥሩ ነው። ሎሚ ግን ነፍሳት በል ናት። ካሮቱን ምግቧ ለሆኑት ፌንጣዎች ስጡልን። እየቀለድኩ አይደለም። ፌንጣዎቹ ለእሷ ከመሰጠታቸው አንድ ቀን በፊት ካሮትና ቅጠል በልተው ካደሩ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ለእሷም ይተርፋል። ለእሷ የተመጣጠነ ምግብ ማለት ይኸው ነው።

"ፌንጣዎቹ ላይ የሚነሰነሰው ነጭ ዱቄትስ? ልጆቻችንን ኬሚካል ታስነካላችሁ?" ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ3 ነው። ፌንጣ ውስጥ ፎስፈረስ ይበዛል፣ ካልሲየም ያንሳል። ዱቄቱ ካልተነሰነሰ የእንቁራሪት አጥንት እየለሰለሰ ይሄዳል፤ መንጋጋዋም ሊጣመም ይችላል። ፌንጣዎቹን ከትንሽ ዱቄት ጋር ላስቲክ ውስጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መነቅነቅ ነው፣ በቃ። ልጆቻችሁ ያውቁበታል፤ እነሱን ጠይቁ።

"በሕይወት ያለ ፍጡር ማስበላት ጭካኔ ነው" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ወላጅ፣ ሐሳባችሁን አከብራለሁ። ሎሚ ግን አልተስማማችም። የማይንቀሳቀስ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ምግብ አይመስላትም።

ደግሞ ለማገዝ ብላችሁ ከግቢ ነፍሳት አትያዙላት። ፀረ ተባይ የነካው ሊሆን ይችላል። የምትበላው ነፍሳት ትልቀትም በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። እሷን ከነካችሁ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ይህን ለልጆቹ ነግረናል፤ አሁን የምነግረው ለእናንተ ነው።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ተረኛው ቤተሰብ ስድስት ፌንጣ ተቆጥሮ ይረከባል። ሳትበላቸው የቀሩትን ማታ ከእሷ ጋር አታሳድሩ፤ ይነክሷታል። ሰኞ የተረፉትን ቆጥረን እንቀበላለን። ሶፋ ሥር ገብቶ የቀረ ካለ ግን፣ እሱ የእናንተ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ