ፖለቲካል ሳይንስ ለመምረጥ ላሰባችሁ ፍሬሾች

ሰላም የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ልጆች፣

የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት፣ ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ለመግባት ምን እንደሚጠይቅ ቁጭ ብለን እናውራ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቱሉ ዲምቱ ኮሚናሉ ውስጥ።

ምደባው በፍላጎት ብቻ አይደለም። ፈላጊው ከበዛ የሚለየው የፍሬሽማን ውጤት ነው። «ግሎባል ትሬንድስ» የሚባለውን የፍሬሽማን ኮርስ ደግሞ አትናቁት። ሉዓላዊነት፣ የውጭ ፖሊሲ፣ ግሎባላይዜሽን፣ የዲፓርትመንቱን ጣዕም እዚያው ትቀምሱታላችሁ። እሱ ካሰለቻችሁ ቀሪው ሦስት ዓመት ይረዝምባችኋል። ንባቡ ብዙ ነው፤ ከሂሳብ ለመሸሽ ብቻ የምትመጡ አስቡበት። መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናም ተጨምሯል። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው።

ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫችሁን አስባችሁበት ኑ። እኔ ሁለተኛውን ዝም ብዬ ሞልቼው፣ ለትንሽ እዚያ ተመድቤ ነበር!

የአንደኛ ሴሚስተር ግሬዳችሁን ያዙ፤ በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ ይበቃል። ወንበር የምንዋሰው ቆጥረን ስለሆነ፣ የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ «አለሁ» በሉ። ሰዓቱ የማይመቸውም ይጻፍልን።