በደላንታ ኦፓል ዋሻዎች ስለሞቱት ሰዎች ለማዕድን መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎት በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ያቀረብነው አቤቱታ ሰሚ በማጣቱ ነው። ማመልከቻችን ከነአባሪው ገቢ ሆኖ የመዝገብ ቤት ማኅተም አርፎበታል፤ ክትትል በጠየቅን ቁጥር ግን «ለባለሙያ ተመርቷል» ወይም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘንም። ሕጉን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታልና እሱን ላስረዳዎት አልነሣም። የምጠይቀው በወሎ ደላንታ፣ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ በሚቆፈርበት ዋሻ ውስጥ የሞተ ሰው መሞቱ በመንግሥት መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ነው።

የእህቴ ባል የደላንታ ገበሬ ነበር። ምስርና ስንዴ ያመርት ነበር፤ የእርሻው ሥራ ጋብ ሲል ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ወንዶች ገደሉን ወርዶ ኦፓል ይቆፍራል። ክረምቱ እንደወጣ፣ አለቱ ገና እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ አንድ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር የገባበት ዋሻ ተናደ። ከዋሻው አፍ አካባቢ የነበሩት አመለጡ፤ እሱ ከውስጥ ነበር። የአገሬው ሰው በዶማና በእጁ አለቱን ሲያወጣ ሰነበተ፤ ባወጣው ቁጥር ከላይ ሌላ እየተናደ ሲመጣ ግን ሽማግሌዎቹ በሞተ ላይ ሌላ ሞት አንጨምር ብለው ቁፋሮውን አስቆሙ። አስከሬኑ እዚያው ቀረ። ቄሶቹ ፍትሐቱን አደረሱለት፤ ቅሬው (የእኛ አገር እድር) ተሰብስቦ እህቴን አስተዛዘናት፤ አርባውም ወጣ። ቤተ ክርስቲያንም ጎረቤትም የተቀበለውን ሞት ያልተቀበለው የመንግሥት ቢሮ ብቻ ነው።

እህቴ የሞት የምስክር ወረቀት እንዲሰጣት ስታመለክት፣ አስከሬን ስላልተገኘ አደጋው መድረሱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከማዕድን መሥሪያ ቤት ይዘሽ ነይ ተባለች። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ደግሞ የሟቹ ስም ፈቃድ ካላቸው ማኅበራት በአንዱም የአባላት ዝርዝር ላይ የለም፣ ስለዚህ አናውቀውም፣ ደብዳቤም አንጽፍም አሉ። ፍርድ ቤት እንዳትሄድ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወሬው ስለጠፋ ሰው የሚደነግገው የመጥፋት ውሳኔ ሁለት ዓመት መጠበቅን ይጠይቃል። እሱ ግን አገር ጥሎ ወሬው የጠፋ ሰው አይደለም። የገባበት ዋሻ ይታወቃል፤ ሲገባ ያዩት፣ ከአፉ ላይ ተርፈው የወጡት ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። የመሬት ደብተሩ በባልና ሚስት ስምና ፎቶግራፍ የተሠራ ስለሆነ ያለ እሱ ፊርማ ወይም ያለ ሞቱ ማስረጃ ማሳውን አከራይታ ልጆቿን ማሳደግ አልቻለችም። ከል ለብሳ ቢሮ ስትገባ «ባለቤትሽ ይምጣና ይፈርም» ያላት ሠራተኛ መኖሩን ቢያውቁልኝ እወዳለሁ።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአደባባይ ባልጮህኩ። የደላንታ ዋና ከተማ ወገል ጤና ከደሴ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ ያለች ትንሽ የደጋ ከተማ ናት። የደላንታ ሕዝብ አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲያልፉ ያየ ሕዝብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሌላው አገር ሰው ስሙን የሚሰማው በአብዛኛው ድርቅ ሲሆን ነበር። በ2000 ዓ.ም. ኦፓል ሲገኝ ይህ ተለወጠ። ቀደም ሲል በሰሜን ሸዋ በመዘዞ የወጣው ኦፓል በአመዛኙ ቡናማ ነበር፤ የደላንታው ነጣ ብሎ በውስጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚጫወትበት በመሆኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ «የወሎ ኦፓል» ተብሎ የዓለም ገበያ ውስጥ ገባ። በረሃብ ብቻ ሲጠራ የኖረ ስም በጌጥ መጠራቱ ለእኛ ለወሎዎች ቀላል ነገር አልነበረም።

ያ ድንጋይ እንዴት እንደሚወጣ ለመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያዎች መንገር አያስፈልግም። ኦፓሉ ያለው በእሳተ ገሞራ አለት ንብብሮች መካከል በአግድም በተዘረጋ፣ ውፍረቱ አንድ ሜትር በማይሞላ ቀጭን ንብብር ውስጥ ነው። ንብብሩ በገደሉ ወገብ ላይ ብቅ ስለሚል ቆፋሪው እሱን እየተከተለ ወደ ተራራው ውስጥ ይገባል፤ በጉልበቱና በደረቱ እየተሳበ፣ ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ፣ በመሮና በመዶሻ። ከበላዩ የተሸከመውን አለት የሚደግፍለት እንጨት እምብዛም የለም። ክረምት ሲሆን ውሃው በስንጥቁ ይሰርጋል፤ መስከረም ላይ ገብቶ መቆፈር ከሁሉ የከፋ መሆኑን እዚያ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

አማቼ ደሴ ሲመጣ የሚያርፈው እኔ ቤት ነበር። ድንጋዮቹን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣና አንዱን በውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጣል አድርጎ ለልጆቼ ያሳያቸዋል። የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል፤ እንደ መስታወት ይጠራና ቀለሙ ይሰወራል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ገዢዎቹ ይህን ሰበብ አድርገው ዋጋ እንደሚሰብሩበት ይነግረኝ ነበር። እሱ ያወጣው ድንጋይ በደላላ እጅ አልፎ፣ ተመዝኖ፣ ወደ ውጭ ተልኮ የውጭ ምንዛሪ ሆኖ ተቆጥሯል። ድንጋዩ ሲመዘን ማን ቆፈረው፣ የማኅበር አባል ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ጥያቄው የተነሣው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው።

«ሕገወጥ ቆፋሪ ነው» የሚለው የባለሙያዎችዎ መልስም ለዚህ አይሆንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እንግዲያው ያ ተራራ ባለቤት አለው፤ በአዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የሚሰጠውም የሚቆጣጠረውም መንግሥት ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ለዓመታት በጠራራ ፀሐይ ሲቆፍር ያላስቆመ፣ ያልመዘገበና አደራጅቶ ያላስገባ አካል ሰውዬው ሲሞት አላውቀውም ሊል አይችልም። ፈቃድ አለመኖር የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው ቢባል እንኳ ጥፋተኛም ሲሞት ሞቱ ይመዘገባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የወጣው ለማኅበር አባላት ብቻ አይደለም።

የጸጥታው ሁኔታ አላሠራንም የሚለውንም ሰምተናል። ችግሩ እውነት ነው፤ በዚያ መንገድ የምንመላለሰው እኛ ነንና አንክደውም። ነገር ግን የጠየቅነው ደብዳቤ የሚጻፈው ደሴ ላይ፣ ምስክሮቹም ራሳቸው ወደ ቢሮው ድረስ መጥተው ባሉበት ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ ላይ በደላንታ ወደ 20 የሚጠጉ ቆፋሪዎች ዋሻ ተንዶባቸው ሲቀሩ ወሬው በውጭ አገር መገናኛ ብዙኃን ሳይቀር ተሰማ። አንድ ሁለት ሰው የሚቀርባቸው ናዳዎች ግን ከቀበሌው አልፈው አይሰሙም፤ የማንም መዝገብ ውስጥም አይገቡም።

ወሎ ያልተቆጠረ ሞት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ የዘመኑ ባለሥልጣናት ዕልቂቱን ሸሸጉት፤ ስንት ሰው እንዳለቀ ዛሬም በግምት እንጂ በስም አይታወቅም። ያ በደል የተፈጸመበት ሕዝብ ልጆች ላይ፣ የምስክር እጥረት በሌለበት፣ ሟቾቹም በቁጥር ጥቂት በሆኑበት ዘመን ያው ነገር መደገሙን በዝምታ ላልፈው አልችልም።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸም እጠይቃለሁ። የእህቴን ባል የሚመለከተው የማረጋገጫ ደብዳቤ የዓይን ምስክሮቹ ቃል ተያይዞበት ለወረዳው የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ይላክ፤ እህቴን ከቢሮ ቢሮ ማንከራተቱ ይብቃ። ኦፓል መቆፈር ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በየዋሻው የሞቱትንና አስከሬናቸው ያልወጣውን ሰዎች ከየቀበሌው ቅሬና ከየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጠይቆ የሚመዘግብ ባለሙያ ይመደብ፤ ስማቸውን የያዙ ሰዎች አሉና ሥራው የሚከብድ አይደለም። ይህን ማድረግ አይቻልም የምትሉ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ የ30 ቀን ገደብ እንዳስቀመጠ ያውቃሉ፤ የእኛ ማመልከቻ ያንን ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ቀጣዩ አቤቱታችን ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚቀርብ ሲሆን፣ ማኅተም ያረፈባቸው ማመልከቻዎቻችን ሁሉ አብረው ይያያዛሉ።

ከደላንታ ቤተሰቦች አንዱ፣ ደሴ